ለትዳር የተፈቀደ ሦስት ሰዓት

ባልና ሚስት ሁለቱም የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ አውጥተው በአንድ ትራክ ሊሠሩ ነው ሲባል፣ አሜሪካ ባለ የሐበሻ ድግስ ላይ ወሬው ገና ሳያልቅ አንዱ ጣልቃ ይገባል። «ሃያ አራት ሰዓት ፊት ለፊት? ምን በደሉ!» ሌላው ይቀበልና «እኔና እሷማ ከዴንቨር ሳንወጣ ሽማግሌ ያስፈልገን ነበር» ይላል። ሚስቱ አጠገቡ ካለች ትገላምጠዋለች፤ ከሌለች ሳቁ ረዘም ይላል። ዳላስም ሆነ ሲያትል፣ ዲሲም ሆነ ሚኒያፖሊስ፣ ሐበሻ ትራክ መንዳት በያዘበት ከተማ ሁሉ ይህች ቀልድ አትጠፋም። ታስቃለች፣ እሱስ አይካድም። ሒሳቧ ግን ስሕተት ነው። ሰዉ የሚያዝንላቸው ሌት ተቀን አብረው ይውላሉ ብሎ ነው፤ ነገሩን ቀረብ ብሎ ላየው ግን በአሜሪካ አውራ ጎዳና ላይ እንደነዚህ ያለ የማይገናኝ ባለትዳር ማግኘት ያስቸግራል። አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ይኖራሉ፣ አንድ መኝታ ይጋራሉ፣ መኪናው በሚሄድበት ጊዜ ሁሉ ግን መኝታው ላይ ከሁለቱ የሚገኘው አንዳቸው ብቻ ነው። ያለያያቸው ጠብ ቢሆን ሽማግሌ ያስታርቃቸው ነበር፤ ያለያያቸው ሕግ ነው።

የፌዴራሉ መንግሥት ጭነት የሚያመላልስ ሹፌር ስንት ሰዓት መንዳት እንደሚችል ቆጥሮ አስቀምጧል። ለተከታታይ 10 ሰዓት ያረፈ ሰው 11 ሰዓት ይነዳል፤ ያንንም ሥራ ከጀመረ በ14 ሰዓት ውስጥ መጨረስ አለበት። ከዚያ ወዲያ መሪ መንካት የለም። ብቻውን የሚነዳው፣ በባለሙያዎቹ አነጋገር «ሶሎ» የሚባለው፣ ሰዓቱ ሲያልቅበት ትራክ ስቶፕ ገብቶ ይቆማል፤ እሱ ሲተኛ መኪናውም ጭነቱም አብረው ይተኛሉ። ነጋዴ ደግሞ የተኛ ዕቃ አይወድም። ከሎስ አንጀለስ ኒው ዮርክ 2,800 ማይል ያህል ነው። ሶሎው አምስት ቀን አካባቢ የሚፈጅበትን መንገድ ሁለት ሰዎች እየተፈራረቁ በሦስት ቀን ገደማ ይጨርሱታል፤ ለካሊፎርኒያ እንጆሪ ይህ ልዩነት በመደርደሪያና በቆሻሻ ገንዳ መካከል ያለ ልዩነት ነው። «ቲም» የሚባለው አሠራር የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ ሕጉ እረፉ የሚለው ሰዎቹን ነው፣ ስለ መኪናው ግድ የለውም። ስለዚህ ትርፉ ያለው አንዱ ሲነዳ ሌላው በመተኛቱ ላይ ነው። ሁለቱም ነቅተው እያወጉ ከሄዱማ ማታ ሁለቱም ደክሟቸው ይቆማሉ፤ ኩባንያውም ለአንድ ሰው ሥራ ሁለት ሰው ቀጠረ ማለት ነው።

ሕጉ በዚህ አላበቃም። መኪና ላይ ያለ ሹፌር፣ መኪናው እስከተንቀሳቀሰ ድረስ፣ ባይነዳም ሥራ ላይ እንዳለ ይቆጠራል። ከዚህ ቆጠራ የሚያመልጥበት ዋናው ቦታ ከወንበሮቹ ኋላ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ያለው መኝታ ነው። አሥሩን ሰዓት እዚያው መጨረስ ይችላል። አልጋው ከሰለቸው ደግሞ 7 ሰዓት በተከታታይ ይተኛና፣ ከዚያ በፊት ወይም ከዚያ በኋላ እስከ 3 ሰዓት ድረስ ጋቢና ከሚነዳው ጎን ቢቀመጥ እንደ ዕረፍት ይያዝለታል። እ.ኤ.አ. እስከ 2020 የተፈቀደው 2 ሰዓት ብቻ ነበር፤ በዚያ ዓመት ማሻሻያ አንድ ሰዓት ተመረቀ። ከሦስት ሰዓት በላይ ከተቀመጠ ከሥራ ሰዓቱ ይቀነስበታል። ይህን የጻፉት ሰዎች ትዳር ትዝም አላላቸው፤ ያሳሰባቸው የሹፌር ድካም ነበር። ውጤቱ ግን ያው ነው፤ መንግሥት ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚያወሩበትን ጊዜ በሰዓት ተመነ። የንስሐ አባት እንኳ ጾም ነው ብሎ ቀን ይቆጥራል እንጂ ሰዓት አይቆጥርም። ስለ አልጋውም ቢሆን ድንጋጌ አለ፦ ርዝመቱ ከ75 ኢንች፣ ስፋቱ ከ24 ኢንች ማነስ የለበትም፤ በሜትሪኩ ልክ 190 እና 61 ሳንቲሜትር። ዛሬ ረጅም መንገድ የሚሄዱት ትራኮች ከዚህ የሰፋ፣ ብዙዎቹም ተደራራቢ አልጋ አላቸው። ሕግ አውጪው ግን ለሰው ልጅ መኝታ የሚበቃውን ትንሹን ስፋት ሲያስብ የመጣለት 61 ሳንቲሜትር ነው፤ ሁለት ሰው በሐሳቡ እንዳልነበረ መገመት አያዳግትም። መኪናው እየሄደ የሚተኛው ሰው ደግሞ ፍሬን ሲያዝ እንዳይወረወር የሚያግደው ማሰሪያ ወይም መረብ ሊኖረው ግድ ነው።

«ማን ያያል?» የሚል አይጠፋም፤ ሐበሻ ነንና። መኪናው ያያል። ከዲሴምበር 2017 ጀምሮ አብዛኞቹ የረጅም መንገድ ትራኮች ከሞተሩ ጋር የተያያዘ ኤሌክትሮኒክ መመዝገቢያ እንዲኖራቸው ተደንግጓል። ጎማው በሰዓት 5 ማይል ፍጥነት ሲደርስ ያለማንም ትእዛዝ «መንዳት» ብሎ ይጽፋል፤ የሚጽፈውም በዚያ ሰዓት ሹፌር ነኝ ብሎ በተመዘገበው ሰው ስም ነው። ከዚህ የተነሣ በሌላ ቤት ደግነት የሚባለው ነገር እዚህ ጥፋት ይሆናል። «ደክሞሻል፣ የቀረውን እኔ ልግፋልሽ» ማለት ለሰሚው የፍቅር ቃል ነው፤ ተናጋሪው ሰዓቱን ጨርሶ ከሆነ ግን ቅጣት የሚያስከትል ንግግር ነው።

እንግዲህ ይህን ሥራ አብረው ለመጀመር የሚያስቡ ባለትዳሮች ፍቅራቸውን መመርመሩን ትተው እንቅልፋቸውን ቢመረምሩ ይሻላል። እሷ ስትነዳ እሱን፣ እሱ ሲነዳ እሷን እንቅልፍ ይወስዳቸዋል? ትራኩ ሞልቶ ሲጫን 80,000 ፓውንድ፣ ማለትም 36 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ ተሳቢው ለብቻው 53 ጫማ ይረዝማል። ኢንተርስቴት 80 ዋዮሚንግ ላይ ሲደርስ ነፋሱ ባዶ ተሳቢ የሚገለብጥበት ቀን አለ፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ዶነር ፓስ ላይ በረዶ ሲጥል ጎማ በሰንሰለት ይታሰራል። በዚህ ሁሉ መሐል ከመጋረጃው ኋላ ያለው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ታስሮ፣ ሕይወቱን ለሌላ ሰው ቀኝ እግር አስረክቦ መተኛት ይጠበቅበታል። አንዳንዱ ባል በሃያ ዓመት ትዳር ሚስቱን በገንዘብም በልጆችም አምኗታል፤ ተኝቶ ግን እግሩ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። አንዳንዷ ሚስት ደግሞ መኪናው ለምን ፍጥነት እንደቀነሰ ሳታጣራ እንቅልፍ በዓይኗ አይዞርም። ትምህርት ቤቱ ይህን አያስተምርም። ከፌብሩዋሪ 2022 ጀምሮ አዲስ ሹፌር በፌዴራሉ መንግሥት በተመዘገበ ማሠልጠኛ ማለፍና በንድፈ ሐሳቡ ፈተና ቢያንስ 80 ከመቶ ማምጣት አለበት፤ ባልና ሚስቱ ወጥ ቤት ውስጥ የአየር ፍሬን ክፍሎችን ስም በእንግሊዝኛ ሲጠያየቁ ያመሻሉ። ትዳር ጓደኛህ እየነዳ ተኛ የሚል ፈተና ግን የለም፤ ደመወዙ የተንጠለጠለው ግን በእሱ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቨርጂኒያ ቴክ የተባለው ዩኒቨርሲቲ ለፌዴራሉ መንግሥት ያካሄደው ጥናት የትራክ መኝታን ነገር መርምሮ ነበር። የቲም ሹፌሮች እንቅልፍ፣ መኪናቸውን አቁመው ከሚተኙት ሶሎዎች እንቅልፍ ጥራቱ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። «እኔስ ምን አልኩ!» የሚል ካለ ትንሽ ይታገሥ። ክፉኛ እንቅልፍ እየጣላቸው ሲነዱ በብዛት የታዩት ሶሎዎቹ ነበሩ። አልጋው የማይመቸው ቲም መሪው ላይ የተሻለው፣ ድካሙ ሲጠናበት ከመጋረጃው ወዲያ የሚቀሰቅሰው ሰው ስላለው ነው። ሶሎው «ትንሽ ልግፋ» ይላል፤ ቲሙ «በቃኝ፣ ተነሽ» ማለት ይችላል። ይችላል አልኩ እንጂ ይላል አላልኩም። ከባሎች ወገን በሚስት ፊት «ደከመኝ» ማለት ከብዙ ነገር በላይ ይከብዳል፤ ምግቡ ሳይቀርብ፣ ጉንፋን ሳይዝ፣ ያለ ምክንያት ደከመኝ ማለት ማለቴ ነው። በዚህ በኩል ሴቶቹ ሳይሻሉ አይቀሩም፤ ይህ የእኔ ግምት ነው፣ ቨርጂኒያ ቴክ አልመረመረውም።

ወደ ጠቡ እንመለስ፤ ድግሱ ላይ የተሳቀው በእሱ ነውና። ጠብ ሁለት የነቃ ሰው ይፈልጋል። አንዱ ተኝቶ፣ ሌላው 36 ቶን ይዞ ጭጋግ ውስጥ እየሄደ የሚነሣ ጭቅጭቅ ዕድሜው አጭር ነው። ኩርፊያ ከሆነ ግን ሥራው ለእሱ ታስቦ የተፈጠረ ይመስላል፤ ተኳራፊዎቹ ሲቀያየሩ ስለ ናፍጣና ስለ አየር ጠባይ አራት ቃል እየተለዋወጡ ሳምንት መዝለቅ ይችላሉ፣ ጭነት የሚመድብላቸው ዲስፓቸርም ምንም ሳይጠረጥር «ምርጥ ቲም» እያለ ያመሰግናቸዋል። አገር ቤት የከፋት ሚስት እናቷ ቤት ትገባለች፤ ባል ሁለት ቀን ኮርቶ በሦስተኛው ሽማግሌ ይልካል። ነብራስካ መሐል ላይ የማን እናት ቤት ይገባል? ስለዚህ ኩርፊያው እንደ ጭነቱ አብሮ ይጓዛል። በእርግጥ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ነቅተው፣ በአንድ ጉዳይ ላይ፣ ሰው እያያቸው የሚገኙበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱም ተሳቢው የኋሊት መጋዘን በር ላይ ሲጠጋ ነው። አንዱ መሪውን ይይዛል፣ ሌላው ወርዶ ከኋላ ይቆማል። «ና፣ ና፣ ና… ወደ ግራ! በእኔ ሳይሆን በአንተ ግራ!» ከዚያ አንዲት የዘገየች «ቁም!» ትመጣለች። የመጋዘኑ ሠራተኞች አማርኛ አያውቁም፤ ክርክሩ ግን ሳይተረጎም ይገባቸዋል። የቲም ትዳር ጠብ አለው ከተባለ ይኸው ነው፤ ዕቃው ሲራገፍም አብሮ ይራገፋል።

ብልህ ተከራካሪ እዚህ ላይ ይነሣል። አብሮ መሆን ከሌለ፣ ነገሩ መፈራረቅ ብቻ ከሆነ፣ ባልና ሚስት ለምን ያስፈልጋል? ሁለት ጓደኛሞች አይፈራረቁም? ይፈራረቃሉ፤ ብዙዎችም ያደርጉታል። ልዩነቱ የሚመጣው ከአንሶላውና ከቦርሳው ነው። የማያውቁት ሰው ገና ተነሥቶ በሄደበት፣ ሙቀቱ ባልለቀቀው ፍራሽ ላይ መተኛት ለሁሉም አይሆንም። ገንዘቡ ደግሞ እንዲህ ነው። ክፍያው ብዙ ጊዜ በማይል ነው፤ መኪናው በሄደበት ሁሉ የሚገኘው ለሁለቱ ይካፈላል። እንበልና ለቲሙ በማይል 70 ሳንቲም ይከፈል። ማስታወቂያው «መኪናው አይቆምም» ቢልም አንድ ሹፌር በ8 ቀን ውስጥ ከ70 ሰዓት በላይ ሠርቶ መንዳት ስለማይፈቀድለት፣ በአማካይ በቀን የሚደርሰው 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው፤ ለሁለቱ 17 ሰዓት ተኩል። በሰዓት 55 ማይል ቢሄዱ ቢበዛ 960 ማይል ገደማ ነው። 672 ዶላር ተገኘ፤ ለእያንዳንዳቸው 336። ከዚህ ውስጥ 168ቱን እያንዳንዳቸው ያገኙት ተኝተው ነው። ሁለት ጓደኛሞች ሲሆኑ «እኔ ተራራውን ነዳሁ፣ አንተ ሜዳውን» የሚል ሒሳብ ይመጣል። ባልና ሚስት ግን ከአንድ ባሕር ይቀዳል እንደተባለው ገንዘቡ የሚገባው አንድ ቤት ነው፤ ማን እንደነዳው መቁጠር ትርጉም ያጣል። በኩባንያው በኩልም እንዲሁ ነው። ፈንጂ የጫነ መኪና ያለ ጠባቂ መተው በሕግ ክልክል ነው፤ ጠባቂው መኪናው ላይ ከሆነ የነቃና መኝታው ውስጥ ያልሆነ ሰው መሆን እንዳለበት ሳይቀር ተጽፏል። እንዲህ ያለውን ጭነት ዛሬ ተስማምተው ነገ ለሚበታተኑ ሁለት ባይተዋሮች ከመስጠት ለባልና ሚስት መስጠት ይመረጣል። ፈንጂ ላይ ተቀምጦ መታገሥ ለባለትዳር አዲስ አይደለም ብለው ይሆናል።

ሌላም ያልተጻፈ ጥቅም አለው። ከአዲስ አበባ በአዋሽ፣ በሚሌ፣ በጋላፊ አድርጎ ጂቡቲ የሚመላለሰው የአገር ቤት ሹፌር አብሮት የሚጓዘው ረዳቱ ነው፤ ሚስቱ ከመንገዱ የምታውቀው የወጣበትንና የገባበትን ቀን ነው። የመሐሉ ለሐሜት ተትቷል፤ የጂቡቲ መስመር ሹፌር ሐሜቱም አብሮ የሚጫንለት ነው፣ ያደረገውም ያላደረገውም። የአሜሪካዋ ቲም ሚስት ግን ባሏ የት እንዳደረ አትጠይቅም። ከኋላዋ አንድ ሜትር ነው።

ጠንካራው ተቃውሞ ግን ገና አልተነሣም፤ እሱም የገቢ ነው። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። በሌላ ቤት ባል ከሥራ ቢቀነስ የሚስት ደመወዝ ቤቱን ያቆያል፤ እዚህ ሁለቱ ደመወዝ በአንድ ሞተር ላይ ነው። ማርሽ ሳጥኑ ሲሰበር ሁለቱም ሥራ ፈት ይሆናሉ፤ መኪናው ቤታቸውም ስለሆነ በዚያው ማታ የሆቴል ክፍያ ይጨመራል። የሹፌር የጤና ምስክር ወረቀት ቢረዝም ሁለት ዓመት ነው የሚያገለግለው፤ የአንዱ የደም ግፊት ከፍ ካለ የቲሙ ጭነት ለሁለቱም ይቀራል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚባለውንም ተስፋ ማድረግ አይገባም፤ እ.ኤ.አ. የ1938ቱ የሠራተኛ ሕግ ከስቴት ስቴት ጭነት የሚያመላልሱ ሹፌሮችን በጥቅሉ ከእሱ አግልሏቸዋል። ከሁሉ የከፋው ገና ሥራውን ሳይለምዱ «መኪናውን እየሠራችሁ የራሳችሁ ታደርጉታላችሁ» በሚል ውል መግባት ነው። ሳምንታዊ ክፍያው መኪናው ሄደም ቆመም ይጠየቃል፤ ባልና ሚስቱም አንዲት በሽታ ወይም አንድ ብልሽት ላይ ይወድቃሉ። ለዚህ ተቃውሞ መልስ የለኝም፤ ትክክል ነው። ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት በኩባንያ መኪና፣ በደመወዝ፣ የሦስት ወር ወጪ ባንክ አስቀምጦ መጀመር ጉዳቱን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ፍቺ ቢመጣ ደግሞ ሥራውም ቤቱም በአንድ ቀን መሄዱ ነው። እዚህ ላይ የድግሱ ቀልደኛ ነጥብ አለው፤ ነጥቡ ግን ስለ መሰለቻቸት ሳይሆን ስለ ገንዘብ ነው።

የልጆች ነገር አጭር ነው። ትንንሽ ልጆች ላሉት ይህ ሥራ አይሆንም። «እናቴን ከአዲስ አበባ አመጣለሁ» የሚለው መፍትሔ በየቤቱ ይታወቃል፤ በጉብኝት ቪዛ የመጡ አያት ብዙ ጊዜ የሚፈቀድላቸው ስድስት ወር ነው፤ ከዚያ በኋላ ልጁም አያቱም ያለቅሳሉ፣ ወላጆቹም ኦሃዮ ላይ ሆነው በስልክ ያባብላሉ። ልጆቹ ኮሌጅ የገቡለት፣ ቤቱ ባዶ የሆነበት፣ ጡረታው ያልደረሰ ባልና ሚስት ግን ይህን ሥራ ቢያስብ አያስገርምም። ሳይገናኙ መኖሩንም በከተማ ሥራ ለምደውታል። እሷ ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ፣ እሱ አውሮፕላን ማረፊያ የቀን ተረኛ ሆነው፣ በማቀዝቀዣ በር ላይ በተለጠፈ ወረቀት ሲነጋገሩ ልጆች ያሳደጉ ብዙ ናቸው። ለእነዚህ ትራኩ የሚጨምረው እንጂ የሚቀንሰው የለም፤ ተረኞቹ ቢያንስ በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው፣ የተፈቀደች ሦስት ሰዓትም አለች።

ለ34 ሰዓት በተከታታይ ያረፈ ሹፌር የ70 ሰዓቱ ቆጠራ እንደ አዲስ ይጀምርለታል፤ ቲሞችም ቤት የሚገቡት ብዙ ጊዜ በዚህ አጋጣሚ ነው። ችግር የሚፈጠረው ያኔ ነው። መንገድ ላይ ባል ሲያንኮራፋ ሚስት ደስ ይላታል፤ ከመጋረጃው ኋላ የሚመጣው ድምፅ ሰባቱ ሰዓት ያለ እንከን እየሞላ መሆኑን ይነግራታል፣ እሷንም ያነቃታል። ያው ማንኮራፋት ቆሞ በሚያድር ቤት፣ በማይንቀሳቀስ አልጋ ላይ፣ በማይል ሳይከፈልበት ሲመጣ ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ አልጋ፣ ጎን ለጎን መተኛት ረስተውታል። እኩለ ሌሊት ላይ አንዳቸው ትራስ ይዘው ወደ ሳሎን ይሄዳሉ፤ ሶፋው እንደሆነ ከ61 ሳንቲሜትር ይሰፋል።